የአሸንዳ ወንፊት ከመግዛታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩት

ካቻምና ሐምሌ ላይ እናቴ ደወለችልኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። «አንተ ልጅ፣ የሳሎኑ ኮርኒስ አርግዟል። ሳይወልድብኝ ድረስልኝ።»

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤቷ ስደርስ እውነቷን ነው። ቺፕውዱ ተቆዝሮ ወደ ታች ወርዷል። መሃሉ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጥቶበታል። ከሥሩ ሳፋ ተቀምጧል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከጎረቤት መሰላል ተውሼ ወጣሁ።

የገረመኝ ነገር አሸንዳው ወንፊት ነበረው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራሴ ነኝ የዶሮ ሽቦ ያለበስኩት። ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም፤ ሦስት አራት የማንጎ ቅጠል ብቻ ተኝቶበታል። ሽቦውን ገልጬ እጄን ስሰድ ግን እስከ አንጓዬ ድረስ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገባ። የጃካራንዳ ቅጠል ነው፤ በስብሶ የቡና አተላ መስሏል። መሃል ላይ ስንዝር የምታህል የሾላ ችግኝ በቅላለች። ወፍ ዘርቷት መሆን አለበት። እንግዲህ ገንዘብ ከፍዬ ያሠራሁት ወንፊት ቆሻሻውን አላስቀረም፤ ከዓይኔ ደበቀው እንጂ።

ከዚያ በኋላም አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ እሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን «የአሸንዳ ክዳን የቱ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ያለውን ብር ሳይሆን ግቢው ውስጥና አጥር ማዶ ያለውን ዛፍ ነው።

ግን ከዛፉ በፊት ዝናቡን እናውራ። ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጉዱ አመጣጡ ላይ ነው። ከአምስት እጁ አራቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው የሚወርደው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው። የቀረው ጊዜ ፀሐይና አቧራ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ አሸንዳ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሰባት ስምንት ወር ሙሉ እየተጠበሰና አቧራ እየለበሰ ከርሞ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዶፍ ይወርድበታል። ሌላ አገር ተሠርቶ «እንከን የለሽ» ተብሎ የሚሸጥ ክዳን ይህን አስቦ ላይሠራ ይችላል።

ዶፉ ምን ያህል ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። የእናቴ ቤት ጣሪያ 80 ካሬ ገደማ ነው። በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ 3,200 ሊትር ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል 16 ይሞላል። በየደቂቃው ከሁለት ጀሪካን ተኩል በላይ አሸንዳው ውስጥ ይገለበጣል። እሱም ሁሉ ቦታ እኩል ተበትኖ አይመጣም። ቆርቆሮ ውሃውን በየቦዩ ሰብስቦ ነው የሚለቀው፤ ከእያንዳንዱ ቦይ ጫፍ አንዳንድ ቀጭን ፏፏቴ ይወርዳል። ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ጥግ ካላችሁ ደግሞ እዚያ ጋ የሚወርደው ጢስ ዓባይን ያስንቃል። እሺ፣ አጋነንኩ። ግን በዚያ ጥግ ላይ የትኛውም ወንፊት ብቻውን አይችልም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወንፊት ከመግዛታችሁ በፊት አሸንዳው ራሱ መሥራቱን እዩ። ብዙ ሰው «ቅጠል ደፈነው» የሚለው አሸንዳ በቅጠል የተደፈነ አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ ዝቅታ የለውም። ለእያንዳንዱ ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ቱቦ መዝቀዝቀዝ አለበት። 10 ሜትር ከሆነ ጫፍና ጫፉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይለያያል ማለት ነው። ይህ ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ጠማማ ስለሚመስል አንዳንድ ሠራተኛ «እንዳያስጠላ» ብሎ ቀጥ አድርጎ ይሰቅለዋል። አምሮ ይቆማል፤ ውሃውም አብሮ ይቆማል።

መፈተኛው አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። በበጋ፣ አሸንዳው ሲደርቅ፣ ከቱቦው ርቆ ባለው ጫፍ አፍስሱና ወርዳችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ተመልሳችሁ ስትወጡ ያቆረ ውሃ ካለ እዚያ ጋ ጎብጧል ወይም ማያያዣው ላልቷል። እሱ ሳይስተካከል ወንፊት ማልበስ ቁስል ሳያጥቡ ፋሻ መጠቅለል ነው።

ሌላም አለ። የአሸንዳው የፊት ከንፈር ከኋላው ዝቅ ማለት አለበት። ያኔ ቢሞላም ወደ ግቢ ይፈሳል። የእናቴ ተገላቢጦሽ ነበር፤ የኋላው ዝቅ ብሎ ነው የተሰቀለው። ስለዚህ ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ዞረ፣ በጣውላው ተንሸራቶ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። እርግዝናው የመጣው ከዚያ ነው። ቅጠሉ ሰበብ ሆነ እንጂ ጥፋቱ የአሰቃቀል ነው።

አሁን ወደ ዛፉ።

ማንጎና አቮካዶ ለአሸንዳ ደግ ዛፎች ናቸው። ቅጠላቸው ትልቅ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሰፊ ዓይን ባለው ወንፊት ላይም ይተኛል። ደርቆ ነፋስ ይወስደዋል። ለነሱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ይበቃል። ባህር ዛፍ ትንሽ ያስቸግራል። ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሰፊ ዓይን ካገኘ እንደ መርፌ ቁልቁል ይሰካል። አንዱ ሲሰካ ሌላው ይደገፍበታል፣ ሳምንት ሳይሞላ አጥር ይሠራሉ። ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም።

ክፉዎቹ ጃካራንዳና ግራቪሊያ ናቸው። ሳያቸው እወዳቸዋለሁ፤ ጃካራንዳ ሲያብብ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ሲሆን ማን የማይወድ አለ? ግን አንድ የጃካራንዳ ቅጠል የምንለው አንድ ቅጠል አይደለም። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቅጠሎች ናቸው፣ እያንዳንዷ 1 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፣ ስፋቷ ደግሞ ከዚያ ግማሽም አይሞላ። ዛፉ ሲያራግፍ እንደ ጤፍ ይዘራቸዋል። በዶሮ ሽቦ ማለፍ ለነሱ በተከፈተ በር መግባት ነው። ከዚያ አበባው ይረግፋል፤ ሲረጥብ ይላቁጣል። ከዚያ ጠፍጣፋውና እንጨት የመሰለው የዘር ቅርፊት ይወድቅና ከላይ ሆኖ የቀረውን ይዘጋል። ግራቪሊያም ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ፍርክስክስ ይላል። ለእነዚህ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዓይን ያስፈልጋል። ከዚያ የሰፋ ያሳልፋል። ከዚያ የጠበበ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ የሁለተኛው ስህተቴ ታሪክ እሱ ነው።

የዶሮ ሽቦውን ከገሸለጥኩ በኋላ «ጠባብ ከሆነ አይቀር የመጨረሻ ጠባብ ይሁን» አልኩ። መስኮት ላይ ለትንኝ የሚደረገውን ወንፊት ገዝቼ ቆርቆሮ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ትንኝ ይከለክላል። ዝናብም ይከለክልብሃል» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ሠሩልኝ። በጋውን አምሮበት ከረመ።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እንዲያውም ለማየት በረንዳ ላይ ወንበር ይዤ ወጣሁ። ውሃው ከቆርቆሮው ወረደ፣ ወንፊቱን ነካ፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ላይ ተንሸራቶ በፊት በኩል ግቢ ውስጥ ተከሰከሰ። ጠብታ ወደ አሸንዳው አልገባም ማለት ይቻላል። የእናቴ የጌሾ ችግኝ ሥሩ እስኪታይ ታጠበ። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ከስድብ ይብሳል።

ምን ሆኖ ነው? አቧራው ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከኮብልስቶንና ከጥርጊያ መንገድ የሚነሳው አቧራ ወንፊቱ ላይ ይቀመጣል፤ የማድ ቤት ጭስ ካለ ደግሞ ቅባት ይጨምርበታል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ ያ ሁሉ ተቦክቶ ቀዳዳዎቹን ይለስናል። ንጹህ ቢሆንም እንኳ ውሃ በጣም ጠባብ ዓይን ላይ ሲደርስ ቆዳ ይሠራል። ወንፊት ነክራችሁ ስታወጡ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚቀረውን ስስ ውሃ አስቡት። ቀስ ያለ ዝናብ ሲሆን ያልፋል፤ ዶፍ ሲሆን ተራውን አይጠብቅም፣ ዘሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ጠባብ ወንፊት በየወሩ በመጥረጊያ የሚያጥብ ሰው ካለ ይሆነዋል። የለም እንጂ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? መልሱ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመው የአሸዋ መንፊያ ወንፊት ሆነ። ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበት፣ ዓይኑ አራት ማዕዘን የሆነው። በተለያየ የዓይን ስፋት ይመጣል፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን ወሰድኩ። ሽቦው ጠንካራ ስለሆነ አይረግብም፣ ቅጠል ሲቆለልበት አይጎብጥም። ጥቂት ጥቃቅን ያሳልፋል፤ አይካድም። ግን አሸንዳው ዝቅታ ካለው ያለፈውን ውሃው ራሱ ጠርጎ ይወስደዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ዚንክ የተቀባ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ጥቁሩ ሽቦ ይረክሳል፣ ግን ክረምቱን ጠጥቶ ይዝጋል፣ ዝገቱም አሸንዳው ላይ እየተንጠባጠበ እሱንም ያበላሸዋል። የመዳብ ሽቦ ከሆነ ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም ዚንክ ላይ አታስጠጉት። መዳብና ዚንክ እርጥበት ሲያገናኛቸው ዚንኩ ይበላል። ዋጋ አልጠቅስም፤ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል።

ሌሎቹን ዓይነቶች ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ምክንያቱም በአብዛኛው አልመክራቸውም።

ስፖንጅ የሚሞላበት አለ። አሸንዳውን ሙሉ ስፖንጅ ትጠቀጥቁበታላችሁ፣ ውሃው ሰርጎ ያልፋል፣ ቅጠሉ ላዩ ላይ ይቀራል ይባላል። እዚህ ከተማ ስፖንጁ አቧራ ይጠጣል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ዘር ያበቅላል። የእናቴ ሾላ ብታገኘው ሠርግ ነበር። ከዚያ ላይ ፀሐዩ ያፈረፍረዋል።

እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ረጅምና ክብ ሆኖ አሸንዳው ውስጥ የሚጋደም አለ። ሐሳቡ ከጀበና ውታፍ ጋር አንድ ነው፤ ውሃውን ልቀቅ፣ አተላውን ያዝ። ግን ውታፉን በየቡናው አውጥተን እናጥበዋለን። ብሩሹን ማን ያወጣዋል? የጃካራንዳ ቅጠል ከገባበት ደግሞ ከፀጉር ውስጥ ጭድ እንደመልቀም ነው።

የፕላስቲክ ወንፊት ቀላል ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ነን፤ የፀሐዩ ጨረር ቆላ ካለው ይበረታል። ፀሐይ እንዲችል ተደርጎ ያልተሠራ ፕላስቲክ ሁለት በጋ ሲያልፍበት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ሙሉ በሙሉ በላሜራ የሚከደነው ዓይነት ብልጥ ነው፤ አሠራሩን ማወቅ ደስ ይላል። ላዩ ድፍን ነው፣ የፊት ጫፉ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ ከሥሩ ቀጭን ክፍተት አለ። ከስኒ ወደ ስኒ ቡና ቀስ አድርጋችሁ ስትገለብጡ በስኒው ሆድ ተንሸራቶ ረከቦቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ታውቁታላችሁ አይደል? ውሃ ገላ ላይ መጣበቅ ይወዳል። ክዳኑ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ውሃው ጥምዝማዛውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠሉ ግን ይወረወራል። ችግሩ ቡናውን በፍጥነት ስትገለብጡት ምን ይሆናል? ዘሎ ይወርዳል። ጣሪያው ቁልቁለት የሆነ፣ ቆርቆሮው ውሃውን በየቦዩ ሰብስቦ የሚተፋ ቤት ላይ ሐምሌን ይህ ክዳን አይችለውም። ጥምዝማዛው ላይ አቧራ ሲለጠፍበት ደግሞ ይብስበታል።

በሚስማር የተበሳሳ ላሜራም የሚያሠሩ አሉ። መጥፎ አይደለም። ግን ሲበሳ የሚሾለው ጫፍ ወደ ሥር መሆን አለበት። ወደ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ቀዳዳ የቅጠል ማንጠልጠያ ይሆናል። የተበሳው ጠርዝ ዚንኩ ስለተላጠ መጀመሪያ የሚዝገውም እሱ ነው።

ዛፍ የሌላቸው፣ አዲስ ሰፈር የገቡ ሰዎች ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። የመውረጃው ቱቦ አፍ ላይ ከሽቦ የተሠራ እንቁላል የመሰለ ወንፊት ይበቃቸዋል። ጭልፊት ከሥጋ ቤት አምጥታ የምትጥለውን አጥንትና የልጆችን የጨርቅ ኳስ ያስቀራል። ዛፍ ባለበት ግን አታድርጉት። ሁሉም ቅጠል እዚያው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ቱቦውን ይደፍነዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዛፍ ሥር የሚኖሩ አሉ። ዘጌ ላይ ጫካው ከቤቱ በላይ ነው፤ ቡናው ራሱ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለ ቦታ ቤት ላላቸው ሰዎች የኔ ምክር ወንፊት አትድከሙበት ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ስለሚወርድ ወንፊቱ ላይ ፍራሽ ይሠራል። ሰፋ ያለ ክፍት አሸንዳ፣ ወፍራም መውረጃ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣ ጎረምሳ ይሻላል።

አሰቃቀሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥሩ ወንፊት በመጥፎ አሰቃቀል ሲበላሽ ስላየሁ። ወንፊቱ ጠፍጣፋ አይተኛ። ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ፊት ይዝቀዝቅ፤ ያኔ ቅጠሉ ሲደርቅ ተንሸራቶ ይወድቃል። የኋላ ጫፉ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ይበል፣ ከዚያ በላይ አይግባ። አንዳንዱ ሠራተኛ የቆርቆሮውን ሚስማር ነቅሎ እዚያ ሥር ይሸጉጠዋል፤ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳ ደግሞ አዲስ ማፍሰሻ ነው። ፊት ለፊቱን በማሰሪያ ሽቦ ከከንፈሩ ጋር እሰሩት። ወንፊቱን በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ደርድሩት እንጂ 10 ሜትሩን ባንድ አታልብሱት። አንድ ቀን መክፈታችሁ አይቀርም፤ ያኔ ታመሰግኑኛላችሁ። ክፍተት ከተረፈ ደግሞ ወፍ ገብታ ጎጆ ትሠራለች፣ ጫፍና ጫፉን አጥፋችሁ ዝጉት። ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ጥግ ላይ የአሸንዳው ከንፈር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚቆም ላሜራ አስተክሉበት፤ ዘሎ የሚመጣውን ውሃ መልሶ ወደ ውስጥ ይጥለዋል።

አሁን አሁን የሚሠሩት ቤቶች ላይ ደግሞ አሸንዳው አይታይም። ከፓራፔቱ፣ ጣሪያውን ከልሎ ከሚቆመው አጭር ግንብ፣ ጀርባ ተደብቋል። ያምራል። ግን እዚያ ሲደፈን ውሃው ወደ ግቢ የሚወርድበት መንገድ የለውም፤ ያለው አቅጣጫ ወደ ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ ከወንፊቱ በፊት ማስተንፈሻ ይኑራችሁ። ፓራፔቱን በስቶ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ማለት ነው፣ ከአሸንዳው ወለል ከፍ፣ ውሃው ወደ ቤት ከሚገባበት ደረጃ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ቱቦ ውሃ ሲወርድ ካያችሁ ደወል ነው፤ መውረጃው ተደፍኗል። ወንፊቱም እዚያ ላይ ተነስቶ የሚቀመጥ፣ ያልታሰረ ይሁን።

የጣሪያ ውሃ ወደ ሮቶ የምታስገቡ ከሆነ ወንፊቱ ሌላ ጥቅም አለው። ቅጠል አሸንዳ ውስጥ ሲበሰብስ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ያሸተዋል። ከላይ ካስቀራችሁት ውሃው ይጠራል። ግን ጠራ ማለት ነጻ ማለት አይደለም። የወፍ ኩስ የሚያልፍበት ዓይን ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ውሃ ሁልጊዜ ድፉት፤ ለ80 ካሬ ጣሪያ ቢያንስ 80 ሊትሩን። ለመጠጥ ከሆነ ይፍላ። ያንን የመስኮት ወንፊት ደግሞ አትጣሉት፤ ትክክለኛ ቦታው የሮቶው አፍ ነው። እዚያ እጃችሁ ይደርሳል፣ በሳምንት አንዴ ታጥቡታላችሁ። ትንኝም እንቁላል እንዳትጥል ይከለክላል።

ትንኝ ካልኩ አይቀር። በሞቃት አየር ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ አለፍ አለፍ ሲል፣ ፀሐዩ ሲመለስ፣ አሸንዳ ውስጥ ያቆረ ውሃ ጥሩ ማሳደጊያ ነው። የወባዋ ትንኝ በብዛት የምትመርጠው መሬት ላይ ያቆረ ውሃ ነው። አሸንዳው ላይ የምናሳድገው በአብዛኛው ሌላውን ዓይነት ነው፤ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ግን እንዲህ ያለ ቦታ ይመቻታል። የአሸንዳ ወንፊት ይህን አያቆምም። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ዓይን ለትንኝ አደባባይ ነው። ይህን የሚያቆመው ዝቅታው ነው።

ማጽዳቱስ? ይቀራል ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል። ይቀንሳል፣ ይቀላል። እኔ በዓመት ሁለቴ እወጣለሁ። አንዱ ግንቦት ላይ ነው፣ ከዝናቡ በፊት አቧራውንና የጃካራንዳውን ቅሪት ለመጥረግ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህ ቅጠሉ ራሱ ነው የሚያቃጥለው እንጂ። ሁለተኛው ጥቅምት ላይ። በመሃል ሐምሌ ላይ መውጣት አልወድም፤ ቆርቆሮ ሲረጥብ ሳሙና ነው። መሰላሉን ከታች ሰው ይያዘው። ከምሰሶ ወደ ቤታችሁ የሚገባው የመብራት ሽቦ ብዙ ጊዜ አሸንዳው አጠገብ ነው የሚታሰረው፤ ረጅም የብረት ወንፊት ይዛችሁ እዚያ አካባቢ አትንቀሳቀሱ። አንድ ሜትር አንድ ሜትር ቁረጡ ያልኩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አምና ሐምሌ ላይ ስልኩ ሲጠራ ልቤ ድው አለ። እናቴ ናት። ኮርኒሱ ደህና ነው አለች፤ የደወለችው ለሌላ ነው። ያቺን የሾላ ችግኝ ካቻምና ከጭቃው ጋር ስጥላት ከሥር አንስታ በወተት ጣሳ ተክላት ኖሯል። አሁን ጣሳው ጠቧታል፣ የት ልትከላት ነው የምትለኝ። ከቤቱ ራቅ አድርገሽ አልኳት። «ምን ያህል ራቅ?» አለችኝ። ሾላ አድጎ ምን እንደሚያህል እሷም ታውቃለች፤ ግቢው ደግሞ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። እስካሁን ጣሳው ውስጥ ነች።